ለካፒቴኑ የምንከፍለው የዓሣ ዋጋ አይደለም

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ቡናችሁን ያዙና ተቀመጡ። ርዕሱ ዓሣ ማጥመድ ነው። «መምህር ደግሞ ሌላ ወሬ አጥተው ዓሣ ጀመሩ» የምትሉ አትጠፉም። እስከ መጨረሻው አንብቡና ከዚያ በኋላ ሳቁብኝ።

በየዓመቱ ሙቀቱ ሲገባ፣ እዚህ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለን ሐበሾች በምንገናኝባቸው ግሩፖች አንድ ዓይነት ወቀሳ ይዞራል። «ሦስት ሆነን ስድስት መቶ ዶላር ከፍለን ቼሳፒክ ወጣን። አንድ አንድ ዓሣ ይዘን ተመለስን። ሌላውን ሁሉ ካፒቴኑ እያስፈታ ውሃ ውስጥ አስጣለን። ሌባ ነው፣ እንዳትሄዱበት!» ከሥሩ ደግሞ ሰው ይሰለፋል። «እኛንም እንዲሁ ነው ያደረገን» ይላል አንዱ። «በዚያ ብር ገበያ ብትሄድ ፍሪጅህን ትሞላ ነበር» ይላል ሌላው። አንዱ ደግሞ «ኮከብ አንድ ስጡት፣ ይማርበታል» ብሎ ይመክራል።

እኔ ይህንን ወቀሳ ከሥሩ ነው የምቃወመው። ጥሩ የዓሣ ጋይድ የሚከፈለው ለእውቀቱና ለፍርዱ ነው። «ይኼንን መልሰው»፣ «ዛሬ በቃን» የሚለው ቃሉም የዚያ ፍርድ አካል ነው። እንዲህ የሚለውን ሰው በኮከብ እየቀጣን፣ ዝም ብሎ የሚያስደስተንን እየሸለምን ከቀጠልን፣ መጀመሪያ ጥሩ ጋይዶቹን እናጣለን፤ ቀጥሎ ዓሣውን። ነገሩ ይኼው ነው። አሁን ወደ ዝርዝሩ።

በመጀመሪያ ስለ ምን እንደምናወራ እንግባባ። ቼሳፒክ ቤይ የሚባለው ከሜሪላንድ ሰሜን ጫፍ እስከ ቨርጂኒያ ቢች 320 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የባሕር ክንድ ነው። ሳስኩሃናን፣ ፖቶማክንና ሌሎች ብዙ ወንዞችን ይቀበላል፤ ከታች ደግሞ የአትላንቲክን ጨው ያስገባል። ስፋቱን ላየው ሰው ጥልቅ ይመስላል፤ በአማካይ ግን ከሰባት ሜትር አይበልጥም። እዚህ የሚጠመደው ዋናው ዓሣ የሜሪላንድ ሰዎች ሮክፊሽ የሚሉት፣ ሌላው አሜሪካ ስትራይፕድ ባስ የሚለው፣ ጎኑ ላይ ጥቋቁር መስመሮች ያሉት ነው። ከ1965 ጀምሮ የሜሪላንድ የግዛት ዓሣ ነው።

ይህንን ዓሣ ከጀልባ የሚያጠምዱበት የድሮው መንገድ ትሮሊንግ ይባላል። ከጀልባዋ ኋላ ወፋፍራም ዘንጎች ይሰካሉ፣ ማባበያዎቹ በዝግታ ይጎተታሉ። ዓሣ ሲነክስ ረዳቱ ዘንጉን ያቀብልሃል፣ አንተ ክሩን መጠቅለል ብቻ ነው። ላይት ታክል የሚሉት ሌላ ነው። ሁለት ሜትር ገደማ የምትሆን ቀጭን ዘንግ፣ ከ10 እስከ 20 ፓውንድ የሚችል የተገመደ ክር፣ ጫፉ ላይ ግማሽ ወይም አንድ አውንስ እርሳስ የተጣበቀበት የጎማ ዓሣ። በቃ። ዘንጉን የምትይዘው አንተ ነህ፣ የምትወረውረው አንተ ነህ፣ እርሳሱ መሬት መንካቱን በጣትህ የምትሰማው አንተ ነህ። ዓሣው ሲነክስ ክሩ ላይ «ጠቅ» ትላለች፤ ያንን ሳትሰማ ብትቀር ማንም አያነሣልህም።

ስለዚህ በላይት ታክል ጀልባ ላይ የሚወጣ ሰው ተሳፋሪ አይደለም፣ ተማሪ ነው። የኛ ሰው ግን ጋይዱን «ሹፌሩ» ነው የሚለው። «ሹፌሩ ጥሩ ቦታ አልወሰደንም።» እስኪ ይኼ ሰው ምን እንደሚያውቅ እንይ።

ቤይ ብሪጅ ሥር ስትደርሱ ብዙ የድልድይ ምሰሶ አለ። ከውጭ ሲታዩ ሁሉም አንድ ናቸው። ጋይዱ ግን ባሕሩ እየሞላ ነው ወይስ እየጎደለ የሚለውን ከሌሊቱ ጀምሮ ያውቃል። ውሃው በአንድ አቅጣጫ ሲፈስ ከምሰሶው ጀርባ ፍሰቱ ይሰበራል፤ ሮክፊሹ እዚያ ጥላ ውስጥ ቆሞ ፍሰቱ የሚያመጣለትን ትናንሽ ዓሣ ይጠብቃል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ፍሰቱ ሲገለበጥ ዓሣውም በምሰሶው ዙሪያ ይገለበጣል። በመከር ደግሞ ሰማዩን ያያል። የባሕር ወፎች አንድ ቦታ ላይ እየተወረወሩ ውሃ ውስጥ ሲገቡ ከሥራቸው ሮክፊሽ ትናንሾቹን ወደ ላይ እያሳደደ ነው ማለት ነው። ሞተሩን እያስጮኸ መሐላቸው የሚገባ ጀማሪ ሁሉንም ይበትናል። የሚያውቀው ከሩቅ ሞተሩን ያቀዘቅዝና ነፋሱ ራሱ ወደ ዳር እንዲወስደው ያደርጋል። ሶናሩ ላይ የምታዩት ቀይና ቢጫ ነጠብጣብ ለእናንተ ቀለም ነው፣ ለእሱ ግን ዓረፍተ ነገር ነው።

ፈቃዱም በዋዛ አይገኝም። ገንዘብ የሚከፍል ሰው ለማሳፈር ከአሜሪካ ኮስት ጋርድ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ለትንሹ ፈቃድ እንኳ 360 ቀን የውሃ ላይ ልምድ፣ ፈተናና የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ ይጠየቃል። በዚያ ፈቃድ ከስድስት በላይ ከፋይ ማሳፈር አይችልም። ይህንን ሁሉ ያለፈ ሰው ነው «ሹፌሩ» የሚባለው።

ተማሪዎቼ ይህንን ታስታውሳላችሁ። አዲስ አበባ ሳስተምር ሰኔ ላይ ወላጅ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ልጄ ስንት አመጣ?» ነበር። «ምን ተማረ?» ብሎ የጠየቀኝን በጣቴ እቆጥረዋለሁ። ውጤት ብቻ የሚጠየቅ መምህር ምን እንደሚሆን ሁላችሁም አይታችኋል። አንዱ ይጨንቀውና ማርክ ይረጫል። ወላጅ ይደሰታል፣ ልጅ ይደሰታል፣ ዳይሬክተሩም ይደሰታል። ማትሪክ ሲመጣ ነው ጉዱ የሚታየው። ጋይድን በማቀዝቀዣ ሳጥኑ ውስጥ ባለው የዓሣ ብዛት መመዘን ከዚህ በምንም አይለይም።

እሺ፣ «አንድ አንድ ዓሣ ብቻ» ወደሚለው እንምጣ። ወዳጆቼ፣ ይኼ የካፒቴኑ ንፍገት አይደለም፤ ሕግ ነው። ከ2024 ጀምሮ በሜሪላንድ የቼሳፒክ ክፍል አንድ ሰው በቀን ይዞ መሄድ የሚችለው አንድ ሮክፊሽ ነው። እሱም ርዝመቱ ከ19 እስከ 24 ኢንች፣ ማለትም ከ48 እስከ 61 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። ከዚያ ያነሰ ይመለሳል፣ ከዚያ የበለጠም ይመለሳል። ከዚያ በፊት በተወሰነ ፕሮግራም ውስጥ የነበሩ ቻርተር ጀልባዎች ለደንበኛ ሁለት ይፈቀድላቸው ነበር፤ ያ ቀረ። በዚህ የተጎዱት በመጀመሪያ ካፒቴኖቹ ራሳቸው ናቸው፣ ደንበኛ ሸሽቷቸዋል። እናንተ «ሁለተኛውን ደብቅልን፣ ማን ያያል?» ስትሉት የምትጠይቁት ውለታ አይደለም። ቅጣት እንዲከፍልና የልጆቹ እንጀራ የሆነውን ፈቃድ አደጋ ላይ እንዲጥል ነው።

ሕጉስ ለምን መጣ? ይኼ ዓሣ አንድ ጊዜ ሊያልቅብን ነበርና ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቁጥሩ ወረደ። የአሜሪካ ኮንግረስ በ1984 ስለ ሮክፊሽ ብቻ ሕግ አወጣ። ሜሪላንድ በ1985 ጨርሶ ዘጋችው። አንድም ሰው፣ በመረብም ይሁን በመንጠቆ፣ አንድም ሮክፊሽ መያዝ አይችልም ተባለ። እስከ 1990 ድረስ አምስት ዓመት ያህል! ጀልባውን የሸጠ ሸጠ፣ ሙያ የለወጠ ለወጠ። ዓሣው ግን ተመለሰ፤ በ1995 አገግሟል ተብሎ ታወጀ። በዚህ አገር የተፈጥሮ ጥበቃ ታሪክ ውስጥ ከሚጠቀሱት ስኬቶች አንዱ ነው።

አሁን ደግሞ እንደገና እያነሰ ነው። የሜሪላንድ ባለሙያዎች ከ1954 ጀምሮ በየበጋው በተወሰኑ 22 ቦታዎች መረብ እየጎተቱ የዚያን ዓመት ጫጩት ይቆጥራሉ። የረጅም ዘመኑ አማካይ በአንድ ጎተታ 11 ገደማ ነው። በ2023 ስንት ተገኘ? አንድ። በ2024 ሁለት። በ2025 አራት። ከ2019 ወዲህ አንድም ዓመት አማካዩን አልደረሰም። ሴቷ ለመራባት ከአራት እስከ ስምንት ዓመት ይፈጅባታል። ስለዚህ ዛሬ የጎደለው ጫጩት ከዓመታት በኋላ የምትጎድል እናት ነው። ከአትላንቲክ ጠረፍ ሮክፊሽ አብዛኛው የሚፈለፈለው እዚሁ ቼሳፒክ ውስጥ መሆኑን ስታስቡት፣ ነገሩ የሜሪላንድ ብቻ እንዳልሆነ ይገባችኋል። እስከ ሜይን ድረስ ያለው አጥማጅ የሚኖረው በዚህ ውሃ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፤ እናቴም ብትኖር ይህንኑ ትለኝ ነበር። «ልትበላው ካልሆነ ለምን ታሠቃየዋለህ? ይዞ መልቀቅ በፍጡር መጫወት አይደለም እንዴ?» ይኼ ቀልድ አይደለም፣ ቁም ነገር ነው። ከሚሳደበው ሁሉ ይልቅ ይህንን የሚጠይቀውን አከብራለሁ። መልሴም ሁለት ክፍል አለው።

የመጀመሪያው፣ የሚለቀቀው ዓሣ አብዛኛው መያዝ የማይፈቀድ ስለሆነ ነው የሚለቀቀው። መንጠቆህ ዓሣውን ከመያዙ በፊት በሜትር አይለካውም። አንድ ለእራትህ የምትሆን ለመያዝ ስትሞክር ትንሽም ትልቅም ይመጣል። የመጣውን በሕይወት መመለስ ያለብህ ስለሆነ፣ ጥያቄው መልቀቅ ወይስ አለመልቀቅ ሳይሆን እንዴት መልቀቅ ነው።

ሁለተኛው ደግሞ ለራሴ ወገን ነው። እኛ ላይት ታክል ወዳጆች ዘንድ አንድ አጉል ጉራ አለ። «ዛሬ ስድሳ ያዝን፣ ሁሉንም ለቀቅን፣ አንድም አልገደልንም!» ሐሰት ነው! ዓሣው የሚጠናበት ኮሚሽን በስሌቱ የሚጠቀመው ቁጥር 9 በመቶ ነው። ከተለቀቁት መቶ ሮክፊሾች ዘጠኙ በኋላ ይሞታሉ ተብሎ ነው የሚታሰበው። ስድሳ የለቀቀ ጀልባ አምስት ያህል ገድሏል ማለት ነው። ሦስት ሰው አንድ አንድ ይዞ ወደ ቤት ቢሄድ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሦስት ነው። እንግዲህ ከበሉት ይልቅ ያልበሉት ገደሉ። በአንዳንድ ዓመታት ከጠቅላላው በሰው እጅ ከሚሞተው ሮክፊሽ ግማሽ ገደማው እንዲህ ተለቆ የሚሞተው ነበር። ስለዚህ «እኔ እለቃለሁ» ብሎ መመጻደቅ አይቻልም። ፎቶ ለማብዛት ሲባል ቀኑን ሙሉ ዓሣ እያወጡ መመለስ፣ እናቴ እንዳለችው፣ በፍጡር መጫወት ነው።

ያ 9 በመቶ አማካይ መሆኑንም አትርሱ። እንደ አያያዙ ይወርዳል፣ ይወጣልም። ይህንን የሚወስነው በአብዛኛው ጋይዱ ነው። በቁራጭ ዓሣ ወይም በትል ሲጠመድ ክብ መንጠቆ ግዴታ ነው፤ ከ2021 ጀምሮ በመላው የአትላንቲክ ጠረፍ ሕግ ሆኗል። ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ ስለሆነ ዓሣው ቢውጠው እንኳ እየተንሸራተተ ወጥቶ የአፉን ጥግ ይይዛል፣ ሆዱን አይቀድም። እጅ በውሃ ይርሳል፣ ምክንያቱም ደረቅ እጅ ከበሽታ የሚጠብቀውን ዝልግልግ ሽፋን ይገፈዋል። በአገጩ ብቻ አንጠልጥሎ ፎቶ መነሣት ቀርቶ ሆዱን ከሥር መደገፍ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከውሃ ሳያወጡ መንጠቆውን መንቀል ነው። ጋፍ በሚባለው ስለት ወግቶ ማውጣትማ ለሮክፊሽ ጨርሶ ተከልክሏል።

«ላይት» የሚለው ቃልም ያሳስታል። ማን በቀጭን ክር ትልቅ ዓሣ አወጣ የሚል ፉክክር አለ። ያለ ልክ ቀጭን በሆነ ዕቃ ሃያ ደቂቃ የተጎተተ ዓሣ፣ እንደ ሯጭ ጡንቻው በአሲድ ይሞላል። ለቀቅከው፣ ዋኘ፣ አጨበጨብክ። ከሰዓት በኋላ ጥልቁ ውስጥ ይሞታል፣ አንተ ግን አታየውም። ጥሩ ጋይድ ዕቃው ቀላል ቢሆንም በቂ እንዲሆን ይመርጥልሃል፣ «ቶሎ ጠቅልል» ይልሃል። ቁጣው ስለ ዓሣው ነው፣ አትቀየሙት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስኩ፣ ወደ ሙቀቱ።

በበጋ የቼሳፒክ ጥልቁ ክፍል ኦክስጅን ያጣል። ከእርሻና ከከተማ የሚመጣው ማዳበሪያና ቆሻሻ አልጌን ያበዛል፤ አልጌው ሲሞትና ሲበሰብስ ከታች ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። ዓሣው ወደ ታች እንዳይወርድ አየር የለም፣ ወደ ላይ እንዳይወጣ ውሃው ፈልቷል። መሐል ላይ ተጨናንቆ ነው የሚከርመው። በዚያ ሁኔታ ላይ መንጠቆ ተጨምሮበት የታገለ ዓሣ ቢለቀቅም የመትረፍ ዕድሉ ጠባብ ነው። ለዚህ ነው ሜሪላንድ የባንዲራ ቀለም ትንበያ የምታወጣው። የአየሩ ሙቀት 95 ፋራናይት፣ ማለትም 35 ሴልሺየስ ይደርሳል ከተባለ ቀኑ ቀይ ነው፤ ሮክፊሽ አታጥምዱ ይላል። ከ90 እስከ 94 ከሆነ ቢጫ ነው፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በፊት ጨርሱ ይላል። በ2024 እና በ2025 ደግሞ ከጁላይ 16 እስከ 31 ጨርሶ ዝግ ነበር። ቀለሙ ግን ምክር ነው። በክፍት ወቅት ቀይ ቀን ላይ የሚወጣን ጀልባ ፖሊስ አያስቆመውም። የሚያስቆመው የካፒቴኑ ኅሊና ብቻ ነው።

አንድ የኦገስት ቀን ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ወጥቼ ነበር። ካፒቴኑ በዕድሜ ከእኔ የሚበልጡ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ከንጋት ጀምሮ ዓሣው ይነክስ ነበር። አራት ሰዓት ሊሆን ሲል የለቀቅነው አንድ ሮክፊሽ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፈፈ። እሳቸው ጀልባዋን መለሱ፣ ጎንበስ ብለው በእጃቸው ይዘው ውሃ በአፉ እንዲያልፍ ረጅም ጊዜ ደገፉት። ሄደ። ከዚያ ዘንጎቹን ሰበሰቡና «ለሮክፊሽ ዛሬ በቃን፤ ሌላ ዓሣ አሳያችኋለሁ» አሉ። ከእኛ አንዱ ግን ተነሣባቸው። «እየነከሰ እያለ? ገንዘባችንን መልስ!» የተከፈለው እስከ እኩለ ቀን ነው፣ ውሃው ላይም ነን፣ ሌላ ዓሣም አለ። አልሰማም። እሳቸው ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ከድርሻው ግማሹን እንደሚመልሱለት ነገሩት፣ ሐሳባቸውን ግን አልቀየሩም። የቀረውን ሰዓት ኦይስተር አልጋ ላይ ነጭ ፐርች ስናወጣ ዋልን። ማታ ያ ሰው አንድ ኮከብ ሰጣቸው። «ደንበኛ አያከብርም» ብሎ ጻፈ።

እንግዲህ አስቡት። እዚያው ወደብ ላይ፣ በዚያው ቀን፣ እስከ ስምንት ሰዓት ሲያስለቅም የዋለ ሌላ ካፒቴን አምስት ኮከብ አገኘ። በሚቀጥለው ሳምንት ስልክ የሚደወለው ለማን ነው? ላይት ታክል ጋይድ ትልቅ ድርጅት የለውም። አንድ ጀልባ፣ አንድ ተጎታች፣ የባንክ ብድርና ስሙ ናቸው ያሉት። ስሙን የምንጽፈው እኛ ነን። ኅሊና ያለውን እየቀጣን ኅሊና የሌለውን ብንሸልም፣ ገበያው በአምስት ዓመት ውስጥ የትኛውን ዓይነት ሰው እንደሚያስቀር ለማወቅ ኢኮኖሚክስ መማር አያስፈልግም።

«ትልልቆቹስ?» ትሉኛላችሁ። ከቨርጂኒያዋ ሪድቪል የሚወጡት መርከቦች የሮክፊሹን ምግብ፣ ሜንሃደንን፣ ለዱቄትና ለዘይት ያፍሱታል፤ ከቤይ ውስጥ ብቻ በዓመት እስከ 51,000 ሜትሪክ ቶን ይፈቀድላቸዋል፤ እኔ በአንድ ዓሣ እጠየቃለሁ? ልክ ናችሁ፣ ጥያቄው ይነሣ። በስብሰባው ላይ ተገኙ፣ ለተወካያችሁ ጻፉ፤ እኔም ጽፌአለሁ። ግን የትልቁ ጥፋት የትንሹን አያጸድቅም። «ጎረቤቴ ደኑን ስለጨረሰው እኔም ይቺን ዛፍ ልቁረጥ» የሚለው አስተሳሰብ አገራችንን ምን እንዳደረጋት አይተናል። ጣና ላይስ? በሌላ ዓለም የማይገኙት የጣና ባርበስ ዓሦች ለመራባት ወደ ወንዞቹ ሲወጡ፣ አፉ ላይ መረብ ተዘርግቶ እንቁላላቸውን እንደያዙ ተለቀሙ፤ ቁጥራቸው ወረደ። እዚያ ያለው አጥማጅ ቢያንስ ለልጆቹ ዳቦ ነው ይላል። እኛ እዚህ ለመዝናናት ወጥተን ምን ልንል ነው?

«እኔ ሥጋውን እፈልጋለሁ» ለምትሉ ደግሞ፣ ይህም ነውር የለበትም። ቀድማችሁ ለጋይዱ ንገሩት። ቼሳፒክ ውስጥና ወንዞቹ ውስጥ ብሉ ካትፊሽ የሚባል ከሌላ ቦታ የመጣ ዓሣ አለ። በ1970ዎቹ የቨርጂኒያ ወንዞች ውስጥ ለስፖርት ተብሎ ተጨመረ፣ አሁን ያገኘውን ሁሉ እየበላ ወርሮታል። በሜሪላንድ ማዕበል በሚደርስባቸው ውሃዎች የቁጥርም፣ የርዝመትም፣ የወቅትም ገደብ የለበትም። ሳጥናችሁን ሙሉ፣ ውሃውንም ትረዳላችሁ። የአምባዛ ዘመድ ነው፤ ቅርፊት ስለሌለው በሃይማኖቱ ምክንያት የማይበላ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፣ አከብራለሁም። እሱ ነጭ ፐርች ይጠይቅ፤ ቅርፊት አለው፣ ለጥብስ የሚደርስበት የለም። ያም ካልሆነ ዲሲ ሜይን አቬኑ ላይ ከ1805 ጀምሮ የቆመ የዓሣ ገበያ አለ። ስድስት መቶ ዶላሩን ይዛችሁ እዚያ ሂዱ፣ ካፒቴኑን ተዉት።

ሁሉም ጋይድ መልአክ ነው እያልኩ አይደለም። ስልኩን የማያስቀምጥ፣ የሚሳደብ፣ ቁጥር ለማሳየት ዓሣ የሚያሰቃይ አለ። ስለዚህ ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

1. የኮስት ጋርድ ፈቃድና ኢንሹራንስ አለህ? ያለው ሰው ጥያቄው ደስ ይለዋል።
2. ቀይ ባንዲራ ቀን ላይ ቢውል ምን ታደርጋለህ? «ቀን እንቀይራለን» ወይም «ሌላ ዓሣ እንሄዳለን» ካለ፣ ሰውዬው እሱ ነው።
3. ጀማሪዎች ነን፣ መወርወር ታስተምረናለህ? «አትጨነቁ፣ እኔ ይዤ አቀብላችኋለሁ» ካለ ትሮሊንግ ነው የምትገዙት፤ እያወቃችሁ ግዙት።
4. ዓሣ እንዴት ነው የምትለቁት? መልሱ ከአንድ ዓረፍተ ነገር በላይ መሆን አለበት።
5. ዛሬ ላይ የሚፈቀደው ስንት ነው? ሕጉ በየጊዜው ይለወጣል። «እሱን ለእኔ ተዉት» የሚልን ሽሹ።

እናንተም ድርሻ አላችሁ። በሰዓቱ ድረሱ፤ የሐበሻ ቀጠሮ ባሕሩን አያስቆመውም። በፈቃድ በሚሠራ ቻርተር ላይ ለየብቻ የማጥመጃ ፈቃድ እንደማያስፈልጋችሁ ከካፒቴኑ አረጋግጡ። ጉርሻ ከ15 እስከ 20 በመቶ የተለመደ ነው። «በቃን» ብሎ ዘንግ ለሰበሰበ ሰውም ይሰጣል። እንዲያውም ለእሱ ጨምሩለት።

ደግሞም በየሳምንቱ ጋይድ ቅጠሩ አላልኩም፤ የማን አቅም ይችለዋል? የተማረ ሰው መምህሩን ይዞ አይዞርም። አንድ ቀን ከጥሩ ጋይድ ጋር ውላችሁ ፍሰቱ ምሰሶ ላይ እንዴት እንደሚሰበር፣ «ጠቅ» የምትለዋ እንዴት እንደምትሰማ፣ ዓሣ እንዴት በእርጥብ እጅ እንደሚያዝ ከተማራችሁ፣ በሚቀጥለው ፈቃዳችሁን አውጥታችሁ ከሳንዲ ፖይንት ዳርቻ ልጆቻችሁን ይዛችሁ መወርወር ትችላላችሁ። እዚያ ካፒቴን የለም። «ይኼንን መልሺው፣ ትንሽ ነው» የምትሉት እናንተ ናችሁ፣ ልጅቷም ታያችኋለች።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ከእናንተ አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ። ሕጉን አክብሮ፣ ሙቀቱን አይቶ «በቃን» ካላችሁ ካፒቴን ጋር ወጥታችሁ የምታውቁ ካላችሁ፣ ዛሬውኑ ገብታችሁ ስለ እሱ መልካም ጻፉ። ለምን እንዳቆመም ጻፉ፣ ቀጥሎ የሚያነበው ሰው ይማርበት። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

የማትስማሙ ከሥር ተሟገቱኝ፣ ቁጥር ይዛችሁ ኑ፣ እመልሳለሁ። የካፒቴን ስም እየጠራ የሚሳደብ ኮሜንት ግን አጠፋለሁ። በሉ ደኅና ዋሉ።